«ወላጅ አምጣ» ከመባሉ በፊት

ስለ ወላጅ፥ ስለ ተማሪና ስለ መምህር ኅብረት፤ በወረታና በፎገራ ሜዳ

ልጅን ማሳደግ የቤት፥ ልጅን ማስተማር የትምህርት ቤት ፈንታ ነው እየተባለ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው ሲታሰቡ ይሰማል። ልጁ ግን አንድ ነው። ጧት ከእናቱ እጅ ቁርሱን ተቀብሎ የሚወጣው፥ ረፋድ ላይ በመምህሩ ፊት ደብተሩን ገልጦ የሚቀመጠው፥ ከሰዓት በኋላም በአባቱ እርሻ ላይ የሚታየው ያው አንዱ ልጅ ነውና፥ ቤትና ትምህርት ቤት ሳይነጋገሩ በየበኩላቸው ቢጎትቱት የሚጎዳው እርሱ ነው። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የወረታን ከተማና የፎገራን ሜዳ ምሳሌ አድርገን፥ ወላጅና ተማሪ መምህርም እንዴት ቢተባበሩ፥ በምንስ ጉዳይ ላይ ቢስማሙ ልጁ ከፍሬ እንደሚደርስ በዛሬው የቤተሰብ ገጽ ለክቡራን አንባብያን ልንገልጽ እንወዳለን።

ሁለቱ የ«አምጣ» ቃሎች

በአገራችን የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ሁሉ «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል። ተማሪው ሲያረፍድ ወይም ከጓደኛው ጋር ሲጣላ፥ ወይም ብዙ ቀን ቀርቶ ሲመለስ፥ ወላጁን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ክፍል እንዳይገባ ይነገረዋል። ልጁም የአባቱን ቁጣ ስለሚፈራ አንዳንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርበዋል። ይህ ነገር በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የሚያስቅ ጨዋታ ነው፤ ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን ከሣቁ ይልቅ ሐዘኑ ይበልጣል። መንገደኛው እንደ ዘመድ ሊቆጠር የቻለው መምህሩ የልጁን ወላጅ ከዚያ ቀን በፊት አይቶት ስለማያውቅ ነውና።

ሁለተኛው ቃል ደግሞ «መዋጮ አምጣ» ነው። የክፍል ግድግዳ ሲሠራ፥ ወንበርና ጠረጴዛ ሲጎድል፥ ለጥበቃው ደመወዝ ሲያስፈልግ ወላጆች ይሰበሰባሉ። ሕዝቡም በዚህ አይታማም፤ በገንዘብ ያልቻለው በእንጨትና በድንጋይ፥ በጉልበቱም ይረዳል፤ በገጠሩ የቆሙት ብዙ ክፍሎች የዚህ ድካም ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚሄደው መልእክት ከእነዚህ ከሁለቱ ካላለፈ፥ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ስም በሰማ ቍጥር ወይ ወቀሳ ወይ ዕዳ እንደ መጣበት ይቆጥረዋል። ወዳጅነት ደግሞ በወቀሳና በዕዳ አይመሠረትም።

እንግዲህ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ጥፋት ሳይኖር፥ በደኅናው ቀን መከፈት አለበት። በደኅናው ቀን ሲገናኙስ ስለ ምን ይነጋገሩ? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ በፎገራ ስለ ልጁ ጊዜ ይነጋገሩ ብለን እንመልሳለን። ምክንያቱንም ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

የጥንቱ ልማድ

ሕዝባችን ትምህርትን አይወድድም ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር የቀድሞውን የበጌምድርን አገር አያውቅም። በዛሬው ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለብዙ ዘመን የታወቁ ናቸው። ወደነዚህ ቦታዎችና በየደብሩ ወዳሉት ጉባኤ ቤቶች ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ ስንቅ አልነበረውም። አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ ገበሬው የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ከቁራሹ ያካፍለው ነበር። ገበሬው እንጀራውን፥ የኔታ እውቀታቸውን፥ ተማሪው ድካሙን አዋጥተው ለአገር ሊቃውንትን አስገኙ። ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው የኔታን ያከብሩ ነበር።

ይህ መልካም ልማድ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው፥ ለሴት ልጅ ብዙ ቦታ አልሰጠም። ሁለተኛው፥ ወላጅ ልጁን ለየኔታ ካስረከበ በኋላ ስለ ትምህርቱ አካሄድ የሚጠይቅበትም የሚጠየቅበትም ሥርዓት አልነበረውም። ብዙው ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፥ አንዳንዱም ሳይሰናበታቸው ጠፍቶ የተማረ ነው። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዘመናዊው ትምህርት መስፋፋት ከጀመረ ወዲህም ይህ አስረክቦ የመመለስ ልማድ አልቀረም። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል አባት ልጁን አስመዝግቦ ደብተር ከገዛለት በኋላ ፈንታውን የጨረሰ ይመስለዋል። መምህሩም በበኩሉ፥ ልጁ ከደወል በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ምን ሲሠራ እንደሚያመሽ ማወቅ ከሥራው ውጭ የሆነ ይመስለዋል።

ኅብረቱን ያቋቋሙት መመሪያዎች

ይህን ጉድለት ለማቅናት ሥርዓት አልታጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ሕዝቡ በሚሳተፍበት አስተዳደር እንዲመሩ አመለከተ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ደግሞ በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፥ በየትምህርት ቤቱም የወላጅና የመምህር ኅብረት እንዲኖር ተደረገ፤ ሥራቸውም ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻ ሳይሆን፥ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩትን ልጆች መመለስና የትምህርት ቤቱን አካሄድ መከታተል ጭምር ነው። በኋላም ተማሪው ሦስተኛ ሆኖ ገባና «የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት»፥ በአጭሩም «ወተመኅ» ተባለ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤቶች መሻሻል መርሐ ግብር አራት ዐበይት ክፍሎች ሲኖሩት አንዱን ለኅብረተሰቡ ተሳትፎ ሰጠው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብርም በተማሪዎች ቍጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ ሲሰጥ፥ በአወጣጡ ላይ የወላጆች እንደራሴዎች አብረው እንዲመክሩ ሆነ።

በውጭ አገርም ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። በ1897 እ.ኤ.አ. አሊስ በርኒና ፊቢ ሐርስት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ወይዛዝርት በዋሽንግተን የእናቶችን ጉባኤ ጠርተው የመሠረቱት ማኅበር እያደገ ሄዶ የወላጆችና የመምህራን ማኅበር ሆነ። ጃፓንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህንኑ ሥርዓት በየትምህርት ቤቷ ተከለች። ጆይስ ኤፕስታይን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ የቤትንና የትምህርት ቤትን ኅብረት በስድስት ከፍለውታል፤ እነርሱም ልጅን በቤት መንከባከብ፥ መልእክት መለዋወጥ፥ በፈቃድ መርዳት፥ በቤት ማስጠናት፥ በውሳኔ መካፈልና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር መተባበር ናቸው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፥ ገንዘብ ማዋጣት ከስድስቱ መካከል ለብቻው ስም አላገኘም።

እንግዲህ መመሪያው አለ፤ ኅብረቱም በየትምህርት ቤቱ በስም ተቋቁሟል። የሚቀረው ኅብረቱ የሚነጋገርበት እውነተኛ ጉዳይ ነው። ይህም ጉዳይ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚለያይ፥ ወደ ፎገራ ወርደን መመልከት ይገባናል።

የሩዝ ወራትና የትምህርት ወራት

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደውም መንገድ ከዚያው ይገነጠላል። በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሜዳውን ያጠጡታል፤ ክረምት ሲበረታም ሞልተው ይተኙበታል። ቀድሞ አገሩ የሚታወቀው በወተታቸው በተመሰገኑት በፎገራ ከብቶች ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ሩዝ ከገባ በኋላ ግን ውኃ የተኛበት ማሳ ራሱ ሀብት ሆነ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በረዱበት ሙከራ ከአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ተነሥቶ በሜዳው ሁሉ ተስፋፋ፤ በወረታም የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በዙ፤ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም ተቋቋመ፤ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር እየተደባለቀ እንጀራ ይጋገራል።

ይህ ሀብት ግን ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሩዝ በሰኔ ይዘራል፤ አረሙ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደጋግሞ ይነቀላል፤ ሲያፈራም ከወፍ ይጠበቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፥ ይወቃል። ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ውኃ ያገኘው ገበሬም ቀይ ሽንኩርት ይተክላል። ትምህርት ደግሞ በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። ሁለቱን የወራት ቈጠራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ትምህርት ሲከፈት አረሙ አላለቀም፤ ትምህርቱ ሲጠነክር አጨዳው ይደርሳል። ክረምቱ የበረታ እንደ ሆነም፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ያለ ጎርፍ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላልና የትምህርቱ መክፈቻ ሌላ መሰናክል ያገኘዋል።

ገበሬውን አላዋቂ ነው፥ ልጁን ለጉልበቱ ብሎ ያስቀረዋል እያሉ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን የቀና አይደለም። ያልታረመ ሩዝ ፍሬው ያንሳል፤ በጊዜው ያልታጨደም ይረግፋል። የልጁ ደብተርና ልብስ፥ ወረታ ገብቶ ለሚማረው ታላቅ ወንድሙ የሚከፈለው የቤት ኪራይም ከዚያው ከሩዙ የሚወጣ ነው። «ልጅን በጡት፥ እህልን በጥቅምት» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለልጅም ለእህልም የየራሳቸው ወቅት እንዳላቸው ያሳስባል። የፎገራ ገበሬ ችግር ሁለቱ ወቅቶች በአንድ ወር መገናኘታቸው ነው።

ጉዳቱም የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ለአጨዳው ስድስት ሳምንት ቀረ እንበል። እርሱ በሌለበት መምህሩ ማካፈልን ጨርሶ ክፍልፋይን ይጀምራል። ልጁ ሲመለስ በጥቍር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እንደ ባዕድ ቋንቋ ይሆንበታል። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በዚያው ይደርስና ይወድቃል። መምህሩ ደካማ ተማሪ ነው ብሎ ይመዘግበዋል፤ አባቱም «ትምህርት አልሆነለትም» ብሎ ያስቀረዋል። ሁለቱም ያዩት ፍጻሜውን ብቻ ነው፤ መነሻውን አልተነጋገሩበትም። ልጁ ያቃተው በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ መገኘት እንጂ ማካፈል አልነበረም።

በጥቅምት የሚደረግ ምክር

ይህ ነገር ከደረሰ በኋላ በጥር «ወላጅ አምጣ» ቢባል የሚጠቅመው ጥቂት ነው። ምክሩ የሚያስፈልገው በጥቅምት፥ ሩዙ ገና ሳይቢጫ ነው። ኅብረቱ የየጎጡን ወላጆች ሰብስቦ አባትና እናት የልጁ እጅ የግድ የሚያስፈልግበትን ሳምንት ይንገሩ፤ መምህሩም በዚያ ሳምንት የሚያስተምረውን ይንገር። ያን ጊዜ ስድስቱ ሳምንት ወደ ሁለት፥ ሁለቱም ወደ ጥቂት ቀናት ሊያጥር ይችላል።

መንገዱም በአገሩ ልማድ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ገበሬዎች ተራ በተራ እየተረዳዱ በወንፈል ሲያጭዱ፥ ተማሪ ያለበትን ቤት ማሳ አስቀድመው ቢያነሡ ልጁ ቶሎ ይለቀቃል። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ፥ የአጨዳ ቤት ልጆች ለእርሻው ሥራ ወደሚመቸው ፈረቃ ለጊዜው ቢዛወሩ ከሁለቱም አይጎድሉም። ከአንድ ጎጥ ከሚመጡት ተማሪዎች አንዱ የቀረውን ልጅ ደብተር ወስዶ የዕለቱን ትምህርት ቢገለብጥለት፥ መምህሩም አጨዳው ካለቀ በኋላ ለተመለሱት ልጆች ጥቂት ቀን ማካካሻ ቢሰጥ፥ ክፍተቱ ይሞላል። የትምህርት ሰዓትን ከአካባቢው ኑሮ ጋር ማስማማት አዲስ ነገር አይደለም፤ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት በሚባለው ሥርዓትም የተደረገው ይኸው ነው።

የስብሰባውም ቀን ራሱ ማሰብ ይገባዋል። ገበሬን በገበያ ቀን ወይም ማሳው በደረሰበት ሰዓት ጠርቶ አልመጣም ብሎ መውቀስ አይገባም። ገበሬው ከእርሻ ሥራ የሚያርፍባቸው የበዓል ቀናት የታወቁ ናቸው፤ እድሩም የሚሰበሰብበት ቀን አለው። መምህር ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተገኝቶ ሩብ ሰዓት ቢናገር፥ ብዙ የጥሪ ወረቀት ከመበተን ይሻላል።

የጥር ወር ጥንቃቄ

ስለ ሴቶች ልጆች የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጥር አጨዳው ያለቀበት፥ ጎተራው የሞላበት፥ የሠርግም ወር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣ ይህንኑ ጠብቋል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ሲጻፍና በጎጥ ሲፈጸም ልዩነት አለው። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የታሰበች ልጅ ነገሯን አስቀድማ የምትነግረው አብራት ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ወይም ለምታምናት መምህርት ነው። ኅብረቱ ሕያው ከሆነ ወሬው ሠርጉ ሳይደገስ ለእናትና ለአባት በሽማግሌ ቃል ይመለሳል፤ ኅብረቱ ስም ብቻ ከሆነ ግን ልጅቱ ከስም መጥሪያው ላይ ተሰርዛ ትቀራለች።

በዚሁ በአማራ ክልል በሞሰቦ ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚያ ሥራ የሕዝብ ውይይት ይደረግ ነበር፤ ለተማሪዎቹ የትምህርት መሣሪያ ይሰጥ ነበር፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ትምህርቷን እንድትቀጥል ላደረጉ ወላጆችም በፍጻሜው ፍየል ይሰጣቸው ነበር። ኋላ ሲመረመር ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በትምህርት የመቆየታቸው ነገር እጅግ ተሻሽሎ፥ በዚያ ዕድሜ መዳራቸውም እጅግ ቀንሶ ተገኘ። ቁም ነገሩ የፍየሏ ዋጋ አይደለም። ወላጅ ልጁን በማስተማሩ የሚያጣው ነገር እንዳለ ታውቆለት መከበሩ ነው።

የአውራምባ የቤት ውይይት

ሩቅ ሳንሄድ በዚያው በፎገራ ወረዳ፥ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ አውራምባ የምትባል መንደር አለች። ዙምራ ኑሩ የተባሉ ራሳቸው ትምህርት ቤት ገብተው ያልተማሩ ሰው በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቷት ናት። የመንደሯ ሰዎች በእምነት አያያዛቸውና በአኗኗራቸው ከጎረቤቶቻቸው ስለሚለዩ ብዙ መከራ ደርሶባቸዋል፤ በደርግ ዘመን ቀያቸውን ለቅቀው ተሰድደው፥ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመልሰዋል። ሸማ በመሥራት ይተዳደራሉ። አኗኗራቸውን ሁሉ ሌላው ሰው ይቀበል አንልም፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን ሁለት ነገሮች ያስተምሩናል።

አንደኛው፥ መሬታቸው ጥቂት ኑሯቸውም የድካም ሆኖ ሳለ፥ ለሕፃናት መዋያና ፊደል መቍጠሪያ የሚሆን ቤት፥ ለንባብም የመጻሕፍት ቤት ማቋቋማቸው ነው። ትምህርትንም ከማኅበሩ ሥራዎች እንደ አንዱ ቈጥረው የሚከታተሉት ሰዎች መርጠዋል። ሁለተኛው፥ በየ15 ቀኑ የሚያደርጉት የቤተሰብ ውይይት ነው። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እያንዳንዱ በእነዚያ ቀናት የሠራውንና ያጎደለውን ይነጋገራሉ፤ ልጅም የወላጁን ጉድለት በአክብሮት እንዲናገር ይፈቀድለታል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም፥ ይህ ጨዋነትን ያጠፋል ይል ይሆናል። መልካም ነው፤ ጨዋነት ይጠበቅ። ነገር ግን ልጅ የሚፈራውን ወላጅ ያከብረዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይሸሽገዋል እንጂ። መንገደኛውን «አጎቴ ነው» ብሎ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው ልጅ በጣም የሚፈራ ልጅ ነው። በቤቱ እውነቱን ለመናገር የለመደ ልጅ ግን በትምህርት ቤትም እውነቱን ይናገራል፤ የወላጅ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሲባልም ተማሪው በመካከል የተጠራው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ዝም ካለ ኅብረቱ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ክርክር ሆኖ ይቀራል።

የሦስቱ ፈንታ

ወላጅ ሆይ፥ ማንበብ አለመቻል ልጅን ከመርዳት አያግድም። ያልተማረች እናት ደብተሩን ገልጣ ትናንት ከነበረው ገጽ ዛሬ መጨመሩን ታያለች፤ «ዛሬ ምን ተማርህ? እስቲ ድምፅህን አሰምተህ አንብብልኝ» ልትል ትችላለች። ልጁ የሚያነበውን እርሷ ባትረዳው እንኳ የሚጠይቀው ሰው መኖሩን ያውቃል። ማታ ለአንድ ሰዓት መብራትና ጸጥታ መስጠትም ትልቅ መዋጮ ነው። ደግሞም ለስብሰባ የሚጠራው አባት ብቻ አይሁን፤ ልጁ በልቶ መውጣቱን፥ ተኝቶ ማደሩን፥ መታመሙን አስቀድማ የምታውቀው እናት ናትና፥ በኅብረቱ መሪዎች መካከል እናቶች ይኑሩ።

መምህር ሆይ፥ ወደ ወላጅ የምትልከው የመጀመሪያ መልእክት ምስጋና ይሁን። «ልጅዎ በዚህ ሳምንት ሳይቀር መጣ፤ ንባቡም ተሻሻለ» የሚል አንድ ቃል ከሰደድህ በኋላ፥ የወቀሳው ቀን ቢመጣ እንኳ ወላጁ እንደ ወዳጅ ይሰማሃል። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ሲኖር ሳምንት ሳይሞላው ጠይቅ፤ መቅረቱ ወር ከሆነ በኋላ የሚጠየቅ ልጅ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ከመውቀስህም በፊት ምክንያቱን እወቅ፤ ሩዙ ነው ወይስ ሕመም? ወይስ ረኀብ?

ተማሪ ሆይ፥ በሁለቱ መካከል የምትመላለስ መልእክተኛ አንተ ነህ። ከትምህርት ቤት የተላከውን ቃል ሳትሸሽግ ለወላጆችህ አድርስ፤ ካርድህንም ውጤቱ ባነሰ ጊዜ ጭምር አሳይ። ከጎጥህ የቀረውን ጓደኛህን ትምህርት አድርስለት፤ ነገ አንተ ስትቀር እርሱ ያደርስልሃል።

ወረዳና ቀበሌ የምታስተዳድሩ ሹማምንትም፥ የኅብረቱን ሥራ በሰበሰበው ገንዘብ ልክ ብቻ አትመዝኑት። በመስከረም ስንት ልጅ ተመዘገበ? በኅዳርና በታኅሣሥ ስንት ቀረ? በጥር ስንቱ ተመለሰ? በሰኔ ስንቱ ፈተና ተቀመጠ? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች በዓመት አራት ጊዜ ቢጠየቁ፥ ኅብረቱ ስለ ምን እንደሚሰበሰብ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

በር ሲዘጋ የሚቀረው

የዚህ ኅብረት ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለብዙ ወራት ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ሕፃናት ደብተራቸውን አስቀምጠው ዓመታቸውን በከንቱ አሳልፈዋል። ለሕፃን አንድ ዓመት ረጅም ነው። በዚያ ዓመት ወንዱ ከእርሻው ጋር ይለመዳል፤ ሴቲቱ ትታጫለች፤ ፊደሉም ይረሳል። በኋላ በሩ ቢከፈት እንኳ ሁሉም በራሱ ተነሥቶ የሚመለስ አይደለም።

በሩ ተዘግቶ ሳለ የሚቀረው ነገር በመምህሩና በወላጁ፥ በወላጁና በልጁ መካከል ያለው ትውውቅ ብቻ ነው። የተማሪዎቹን አባቶችና እናቶች በስም የሚያውቅ መምህር፥ ትምህርት በተጀመረ ቀን የጎደለው ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ወደ የትኛው ጎጥ፥ ወደ የትኛውስ ደጅ መሄድ እንዳለበት አይጠፋውም። ወላጁም ደጁን ሲያንኳኳ የሚያየው ከሳሽን ሳይሆን የሚያውቀውን ሰው ነው። ስለዚህ ትውውቁ የሚጀመርበትን ቀን አናዘግይ። በሚመጣው ጥቅምት፥ የፎገራ ሩዝ ገና አረንጓዴ ሳለ፥ በየጎጡ ወላጅና ተማሪ መምህርም በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው የልጁን ወራት አብረው ይቍጠሩ።